«የትኛው ከተማ ይሻለኛል?»፦ መካከለኛ የአሜሪካ ከተሞችን አወዳድሮ ለመዛወር የሚረዳ መመሪያ

«ኦሃዮ ይሻላል ወይስ ኬንታኪ?» «ናሽቪል ታክስ የለም ይባላል፣ እውነት ነው?» «ሱ ፎልስ የሄዱት ሁሉ ቤት ገዙ አሉ፤ እኔስ ልሞክር?» ከቨርጂኒያም፣ ከሲያትልም፣ ከካሊፎርኒያም ኪራይ የከበደው ሰው ሲደውል የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። በስልክ የምሰጠው አጭር መልስ ግን ለማንም አይጠቅምም። ለነርስ የሚመች ከተማ ለትራክ ነጂ ላይመች ይችላል፤ አንድ ልጅ ላለው ያዋጣው አራት ልጅ ላለው አያዋጣም። ስለዚህ መልሱ የሚገኝበትን መንገድ እንዲህ ጽፌዋለሁ።

የመንገዱ ዋና ነገር ይህ ነው፦ የቤትዎን የአንድ ወር ገቢና ወጪ ወስደው በእያንዳንዱ ከተማ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ከዚያ በወሩ መጨረሻ እጅዎ ላይ ምን እንደሚቀር ያስሉ።

መካከለኛ ከተማ የምለው ከነአካባቢው ከ250 ሺህ እስከ 2.3 ሚሊዮን አካባቢ ሕዝብ ያለውን ነው፦ ኮሎምበስ፣ ኢንዲያናፖሊስ፣ ሉዊቪል፣ ናሽቪል፣ ካንሳስ ሲቲ፣ ደ ሞይን፣ ኦማሃ፣ ሱ ፎልስና መሰሎቻቸው። ለምሳሌ የማነሣው በብዛት የኦሃዮዋን ኮሎምበስን፣ የኬንታኪዋን ሉዊቪልንና የሳውዝ ዳኮታዋን ሱ ፎልስን ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

- የቅርብ ጊዜ ፔይ ስተብ (የደመወዝ ዝርዝር ወረቀት)፣ በቤቱ ውስጥ የሚሠራው ሰው ሁሉ
- ያለፈው ዓመት የታክስ ሪተርን ከነደብልዩ-2ው (ቀጣሪው የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ታክስ የሚገልጽበት ወረቀት)
- የሦስት ወር የባንክና የክሬዲት ካርድ ስቴትመንት
- አሁን ያሉበት ቤት ሊዝ (የኪራይ ውል)፤ መቼ እንደሚያልቅና ቢያቋርጡት ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ምልክት ያድርጉበት
- የመኪና ኢንሹራንስ ውል፣ የሽፋኑ መጠን ከተጻፈበት ገጽ ጋር
- የሙያ ፈቃዶች፦ የነርስ፣ የሲ.ኤን.ኤ (የነርስ ረዳት)፣ የሲ.ዲ.ኤል (የትራክ መንጃ)፣ የፋርማሲ፣ ምንም ይሁን
- የኢሚግሬሽን ወረቀት፣ በተለይ ገና ያልተወሰነ ጉዳይ ካለዎት የማመልከቻው ደረሰኝ
- የልጆች የክትባት ካርድና የትምህርት ቤት ውጤት
- ጉግል ሺት ወይም አንድ ሰፊ ወረቀት

ጊዜ በተመለከተ፣ ሊዝዎ ከማለቁ ከአራት እስከ ስድስት ወር በፊት ይጀምሩ። ከዚያ ካነሰ ማወዳደሩ ይቀርና ያገኙትን መያዝ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ የማይለወጠውን መጀመሪያ ይጻፉ

ባልና ሚስት አብራችሁ ተቀምጣችሁ «ይህ ከሌለ አንሄድም» የምትሉትን ጻፉ፤ ከሦስት አይብለጥ። በየጊዜው በስፔሻሊስት የሚታይ ልጅ ካለ የልጆች ሆስፒታል ያስፈልጋል። መኪና የማይነዳ አዋቂ ካለ አውቶቡስ ያስፈልጋል። አብረዋችሁ የሚኖሩ እናት በረዶ ላይ መውደቅ የሚያሰጋቸው ከሆነ፣ በጥር ሌሊቱ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ በላይ የሚወርድባት ሱ ፎልስ ገና ከመጀመሪያው ትወጣለች።

ይህ ደረጃ የቀደመበት ምክንያት አለው። ቁጥር ማስላት ከጀመሩ በኋላ ርካሽ ኪራይ ልብን ይስባል፤ የልጁ ሐኪም ጉዳይ «እዚያ ስንደርስ እናያለን» ይባላል። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ሐኪሙ የሦስት ሰዓት መንገድ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ የዛሬውን ወር በትክክል ያስሉ

ከባንክ ስቴትመንቱ ላይ የሦስት ወር ወጪ ደምረው ለሦስት ያካፍሉ። ኪራይ፣ መብራትና ጋዝ፣ አስቤዛ፣ መኪና ከነኢንሹራንሱ፣ ዴይኬር፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ አገር ቤት የሚልኩት፣ ዕቁብና ዕድር ለየብቻቸው ይጻፉ። ከአእምሮ አይጻፉ፤ ሰው የአስቤዛ ወጪውን ሁልጊዜ አሳንሶ ነው የሚገምተው። አገር ቤት የሚላከውም የትም ቢሄዱ አይቀንስም፣ ስለዚህ ቀጥሎ ለሚመርጧቸው ሦስት ከተሞች አንዳንድ ዓምድ ከፍተው በሦስቱም ውስጥ እንዳለ ይግባ።

ደረጃ 3፦ ሦስት ከተማ ብቻ ይምረጡ፤ ስቴት አይምረጡ

«ቴክሳስ እሄዳለሁ»፣ «ቴነሲ ጥሩ ነው» የሚለው አነጋገር ለማወዳደር አይረዳም። ሜምፊስና ናሽቪል ሁለቱም ቴነሲ ናቸው፤ ኪራያቸውም የሥራ ዓይነታቸውም ግን አይገናኝም።

በአንድ ከተማ ውስጥም ቢሆን የትኛው ወገን እንደሆነ ይጻፉ። ካንሳስ ሲቲ ላይ ስቴት ላይን የሚባለው መንገድ ሚዙሪንና ካንሳስን ይለያል። በሚዙሪ በኩል ካንሳስ ሲቲ ከደመወዝዎ 1 በመቶ ይወስዳል፤ ስቴቱ ግን ሜዲኬይድን (የመንግሥቱን የጤና ኢንሹራንስ) ለዝቅተኛ ገቢ አዋቂዎች አስፍቷል፣ ዝቅተኛው ደመወዝም ከፌዴራሉ እጅግ ይበልጣል። መንገዱን ተሻግረው ካንሳስ ሲገቡ የከተማው ታክስ ይቀራል፤ ሜዲኬይዱ አልሰፋም፣ ዝቅተኛው ደመወዝም የፌዴራሉ 7.25 ዶላር ነው። ሉዊቪልም እንዲሁ ነው፤ የኦሃዮን ወንዝ ከተሻገሩ ኢንዲያና ነዎት።

ደረጃ 4፦ ደመወዙን ከማስታወቂያ ሳይሆን ከሠንጠረዥ ይውሰዱ

የፌዴራሉ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየዓመቱ ለየከተማው የየሙያውን ደመወዝ በነፃ ያወጣል። ሙያዎንና ከተማውን ይፈልጉ። ብዙ ቁጥር ያያሉ፤ እርስዎ የሚወስዱት 25ኛው ፐርሰንታይል የሚለውን ነው፤ ከመቶ ሠራተኛ 25ቱ ከዚያ በታች ያገኛሉ ማለት ነው። አማካዩ የአሥር ዓመት ሠራተኛውንም ይጨምራል፤ አዲስ ገቢ ደግሞ ከታች ነው የሚጀምረው። ማስታወቂያ ላይ «በሰዓት እስከ 27 ዶላር» የሚል ካዩ «እስከ» የምትለዋን ልብ ይበሉ፤ ያ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሌሊት ሺፍትና የቅዳሜ እሑድ ጭማሪ ተደምሮ ነው።

ቀጥሎ የቀጣሪዎቹን ብዛት ይዩ። ሉዊቪል ላይ የዕቃ አድራሹ የዩ.ፒ.ኤስ ትልቁ የአየር ማዕከል አለ፤ የሌሊት ዕቃ መለያ ሥራው ከኮሌጅ ክፍያ ጋር የተያያዘበት ፕሮግራምም ስላለ ለሚማሩ ወጣቶች ይመቻል። ኢንዲያናፖሊስ የፌዴክስ ሁለተኛ ማዕከል ነው። ኮሎምበስ ዌርሃውስ፣ ኢንሹራንስ፣ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሎቹ፣ በሜሪስቪል በኩል ደግሞ ሆንዳ አላት። ሱ ፎልስ በሳንፎርድና በአቬራ ሆስፒታሎች እንዲሁም በሥጋ ማቀነባበሪያው ትታወቃለች። እርስዎ የሚሠሩትን ሥራ የሚቀጥር ቢያንስ ሦስት ድርጅት ከሌለ ያ ከተማ ለእርስዎ ጠባብ ነው። ከአለቃ ጋር ቢጋጩ ወይም ሺፍቱ ቢቀየር ቤተሰብ ይዞ እንደገና መዛወር ይመጣል።

ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያም ይጻፉ። የፌዴራሉ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ላይ ቆሟል፤ ቴነሲ፣ ኬንታኪ፣ ኢንዲያናና ቴክሳስ ከእርሱ አልጨመሩም። በ2025 ኦሃዮ 10.70፣ ሳውዝ ዳኮታ 11.50 ነበር። ዌርሃውሱና ሆስፒታሉ ከዚህ በላይ ስለሚከፍሉ ለእርስዎ ላያሳስብ ይችላል፤ ከትምህርት በኋላ ለሚሠራ ልጅዎ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ደረጃ 5፦ የሙያ ፈቃድዎ አብሮ ይሄድ እንደሆነ ያረጋግጡ

ደመወዙ ጥሩ ሆኖ ፈቃዱ እስኪመጣ ሁለት ወር ቁጭ ካሉ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ሊዝ ከመፈረምዎ በፊት ይህን ይጨርሱ።

ነርሶች፦ የነርስ ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ያሉ ስቴቶች አንዱ የሌላውን ፈቃድ ይቀበላሉ። ኦሃዮ፣ ኬንታኪ፣ ኢንዲያና፣ ቴነሲ፣ ሳውዝ ዳኮታ፣ ቴክሳስ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጡ ናቸው። ካሊፎርኒያ፣ ሚኒሶታና ኔቫዳ የሉበትም። ከአንዱ የስምምነት ስቴት ወደ ሌላው መኖሪያዎን ሲያዛውሩ በ60 ቀን ውስጥ በአዲሱ ስቴት ማመልከት አለብዎት፤ ብዙ ሰው «ፈቃዴ በሁሉም ይሠራል» ብሎ ይህን ይዘነጋል። ከካሊፎርኒያ የሚመጣ ግን ከመነሣቱ ወራት ቀድሞ ማመልከት ይኖርበታል።

ሲ.ኤን.ኤ፦ በየስቴቱ መዝገብ ነው የሚተዳደረው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ሲሆን ከዚያ በላይ የሚጠይቁ ስቴቶች አሉ። የሚሄዱበትን ስቴት መዝገብ ቤት ጠርተው «የሠለጠንኩት ይህን ያህል ሰዓት ነው፣ ፈተና ያስፈልገኛል?» ብለው ይጠይቁ።

ሲ.ዲ.ኤል፦ ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ወደ አዲሱ ስቴት መዛወር አለበት። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ለሌለው ነጂ ሕጉ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ሲጠብቅና ሲከራከሩበት ቆይቷል፤ በሥራ ፈቃድ ብቻ የሚነዳ ሰው ከመንቀሳቀሱ በፊት የአዲሱን ስቴት የመንጃ ፈቃድ ቢሮ ይጠይቅ። እጅ ላይ ያለውን ፈቃድ አስረክቦ አዲሱን መከልከል ይመጣል።

ደረጃ 6፦ አምስቱን ታክስ ለየብቻ ይደምሩ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

የስቴት የገቢ ታክስ። ቴነሲ፣ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ኔቫዳ፣ ሳውዝ ዳኮታና ዋሽንግተን ስቴት ከደመወዝ ላይ አይቆርጡም። «ታክስ የለም» የሚባለው ይህ ብቻ ነው፤ ከሌሎቹ አራት የትኞቹ እንዳሉ ግን ለየብቻ ይዩ።

የከተማ ወይም የካውንቲ የገቢ ታክስ። ከቨርጂኒያ ወይም ከሲያትል የሚመጣ ሰው ይህን ዓይቶት አያውቅም፤ የመጀመሪያው ፔይ ስተብ ላይ ይደነግጣል። ኮሎምበስ 2.5 በመቶ፣ ሉዊቪል እዚያው ለሚኖርና ለሚሠራ 2.2 በመቶ፣ ኢንዲያናፖሊስ ያለችበት ሜሪየን ካውንቲ 2.02 በመቶ ይወስዳሉ። በዓመት 60,000 ዶላር ደመወዝ ላይ ኮሎምበስ 1,500 ማለት ነው፤ በወር 125 ዶላር። ሉዊቪል 1,320፣ በወር 110። ሱ ፎልስ ላይ ዜሮ። ኦሃዮ ውስጥ መጀመሪያ የሚወስደው ሥራዎ ያለበት ከተማ ነው፤ የሚኖሩበት ከተማ ደግሞ የተከፈለውን ሙሉ በሙሉ ያስብልዎት እንደሆነ ወይም ተጨማሪ ይጠይቅ እንደሆነ ይለያያል። ስለዚህ አድራሻ ሲመርጡ የሁለቱንም ከተማ ሕግ ይጠይቁ።

የሽያጭ ታክስ፣ በተለይ አስቤዛ ላይ። ኦሃዮ፣ ኬንታኪና ኢንዲያና ያልበሰለ ምግብ ላይ አያስከፍሉም። ሱ ፎልስ ላይ ስቴቱና ከተማው ተደምረው 6.2 በመቶ ነው፤ ዱቄቱም ሽንኩርቱም ዘይቱም አይቀርለትም። በወር 900 ዶላር አስቤዛ ለሚያወጣ ቤት ይህ ወደ 56 ዶላር ነው። ቴነሲም ምግብ ላይ ስቴቱ ብቻውን 4 በመቶ ይወስዳል፣ ካውንቲው ይጨምርበታል። ልጅ የበዛበት ቤት ይህን መስመር ሳያይ «ታክስ የለም» ወዳለበት ቢሄድ ያተረፈውን ግሮሰሪ ላይ ይመልሳል።

የመኪና ዓመታዊ ታክስ። ኬንታኪና ሚዙሪ እንደ ቨርጂኒያ በመኪናው ዋጋ ልክ በየዓመቱ ያስከፍላሉ። ኦሃዮና ቴነሲ በዋጋው ልክ አያስከፍሉም።

የቤት ታክስ። ለመግዛት ካሰቡ ብቻ። ቴክሳስ የገቢ ታክስ የላትም፤ የቤት ታክሷ ግን በአገሪቱ ከከባዶቹ አንዱ ነው። ሻጩ የሚከፍለውን ታክስ እንደራስዎ አይቁጠሩ፤ የዕድሜ ወይም የነባር ባለቤት ቅናሽ ሊኖረው ይችላል። የካውንቲውን ገማች ቢሮ ድረ ገጽ ከፍተው በሚገዙበት ዋጋ ስንት እንደሚሆን ያስሉ።

ደረጃ 7፦ ኪራዩን በዚፕ ኮድ ይፈልጉ

የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ለየከተማው፣ ለብዙዎቹም ለየዚፕ ኮዱ፣ ተመጣጣኝ የሚለውን ኪራይ በመኝታ ቤት ብዛት ያወጣል። መነሻ አድርገው ይውሰዱት። ያ ቁጥር መብራትና ጋዝን ጨምሮ ነው፤ ስለዚህ እነዚያን በሌላ መስመር ደግመው አይደምሩ። ቁጥሩ ከገበያው መሐል ትንሽ ዝቅ ያለውን ቤት ነው የሚያሳየው፤ ስለዚህ አሁን የተለቀቁ ቤቶችን ማስታወቂያ ከጎኑ ያስቀምጡ። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ ማስታወቂያውን ይመኑ።

ከዚያ አከራዩ የሚጠይቀውን ይጠይቁ። አብዛኛው አፓርትመንት ገቢዎ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋል፣ ክሬዲት ያያል፣ ለእያንዳንዱ አዋቂ የማመልከቻ ክፍያ ይወስዳል። በአዲሱ ከተማ ገና ሥራ ካልጀመሩ የቅጥር ደብዳቤ ይበቃ እንደሆነ ይጠይቁ። ሴክሽን 8 (የመንግሥት የኪራይ ድጎማ) ያላችሁ ደግሞ ቫውቸሩ ከቦታ ቦታ ይዛወራል፤ ግን ወረቀቱ መጀመሪያ ከአሁኑ ቢሮ መነሣት አለበት፣ ሳይነግሩ ከሄዱ ይጠፋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቤቱን እርስዎ ወይም የሚያምኑት ሰው በአካል ሳያይ በዜልም ሆነ በሌላ መንገድ ገንዘብ አይላኩ። «ብዙ ሰው እየጠየቀኝ ነው፣ ዛሬ ካልላክህ ይሄዳል» ያለ አከራይ ካጋጠመዎት ይተዉት።

ደረጃ 8፦ መኪና

ከውልዎ ላይ ያለውን ተመሳሳይ ሽፋን ይዘው በአዲሱ ዚፕ ኮድ ዋጋ ያስወጡ። ሽፋኑ ካልተመሳሰለ ማወዳደሩ ዋጋ የለውም። ኬንታኪ ጥፋተኛው ማንም ይሁን የራስዎ ኢንሹራንስ ሕክምናዎን የሚከፍልበት ሥርዓት ስላላት ውሉ ላይ ተጨማሪ መስመር ያያሉ። በአንድ መኪና ይኖሩ ከነበረ፣ በመካከለኛ ከተማ ሁለት መሆኑ አይቀርም፤ ሁለተኛውን ከነነዳጁና ከነጥገናው በስሌቱ ያስገቡ። ጉግል ማፕ ላይ «የምደርሰው ጠዋት በ6፡45» ብለው (በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር) የሺፍትዎን ሰዓት ሰጥተው ከቤት እስከ ሥራ ያለውን ጊዜ ይዩ፤ እሑድ ከሰዓት ያዩት መንገድ ሰኞ ጠዋት ሌላ ነው።

ደረጃ 9፦ የጤና ኢንሹራንስና ሜዲኬይድ

ሥራ ሲቀየር ክፍተት ይኖራል። ሜዲኬይድን ለዝቅተኛ ገቢ አዋቂዎች ያሰፉ ስቴቶች ውስጥ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 138 በመቶ በታች የሆነ አዋቂ ሊያገኝ ይችላል። ኦሃዮ፣ ኬንታኪ፣ ኢንዲያና፣ ሚዙሪ፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ሳውዝ ዳኮታና ኖርዝ ካሮላይና አስፍተዋል። ቴክሳስ፣ ቴነሲ፣ ጆርጂያ፣ ፍሎሪዳና ካንሳስ አላሰፉም። ግሪን ካርድ ከያዘ አምስት ዓመት ያልሞላው አዋቂ ግን ባሰፉትም ውስጥ በአብዛኛው አይገባም።

ሜዲኬይድ ከስቴት ስቴት አይዛወርም። የድሮውን ይዘጋሉ፣ በአዲሱ ያመለክታሉ። ፉድ ስታምፕም እንደዚያው፤ በሁለት ስቴት መቀበል ወንጀል ነው። ከኦባማ ኬር ገበያ ለሚገዙ መዛወር የ60 ቀን የመመዝገቢያ ጊዜ ይከፍታል፤ ግን ከመዛወርዎ በፊት ኢንሹራንስ የነበረዎት መሆኑን ማሳየት አለብዎት። «ለአንድ ወር ምን ይሆናል» ብሎ ቀድሞ ማቋረጥ ያንን በር ሊዘጋ ይችላል።

ደረጃ 10፦ ትምህርት ቤት

ከተማው ጥሩ ትምህርት ቤት አለው መባል ምንም አይነግርዎትም፤ ልጁ የሚገባው በአድራሻው ነው። መንገድ የተሻገረ ቤት ሌላ ዲስትሪክት ሊሆን ይችላል። የስቴቱን የትምህርት መምሪያ ዓመታዊ ሪፖርት ካርድ ከፍተው የትምህርት ቤቱን ስም ያስገቡ፤ ከጠቅላላ ነጥቡ ይልቅ በዓመት ውስጥ ልጆቹ ምን ያህል እንዳደጉ የሚያሳየውን ክፍል ያንብቡ። ጠቅላላ ነጥቡ ብዙውን ጊዜ የሰፈሩን ገቢ ነው የሚናገረው። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ ልጅ ካለ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች ስንት መምህር እንዳለ በቀጥታ ደውለው ይጠይቁ።

ኮሌጅ የደረሰ ልጅ ያለው ሰው ሌላ ስሌት አለው። አብዛኛው ስቴት የነዋሪ ክፍያ ለመስጠት 12 ወር መኖርን ይጠይቃል። ልጁ 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ በሐምሌ መዛወር ማለት የመጀመሪያውን ዓመት በውጭ ስቴት ተማሪ ዋጋ መክፈል ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ቴነሲ እዚያው 12ኛ ለሚጨርሱ ልጆች የሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ የሚሸፍን ፕሮግራም አላት፤ ሚሺጋን ውስጥ ካላማዙ በምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ለተማሩ ልጆች የኮሌጅ ክፍያ የሚሸፍን ፕሮግራም አለ። ልጁ 9ኛ ክፍል ከሆነ እነዚህን ማየት ያዋጣል።

ደረጃ 11፦ ወንጀሉን በሰፈር እንጂ በከተማ ደረጃ አያወዳድሩ

በየዓመቱ የሚወጡት «አደገኛ ከተሞች» ዝርዝሮች ከሚያሳዩት የሚደብቁት ይበዛል። ሴንት ሉዊስ ከ1876 ጀምሮ ከካውንቲው የተለየች ጠባብ ከተማ ናት፤ ጸጥ ያሉት የከተማ ዳር ሰፈሮች በእርሷ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ናሽቪል በ1963፣ ኢንዲያናፖሊስ በ1970፣ ሉዊቪል በ2003 ከካውንቲያቸው ጋር ተዋህደዋል፤ የዳር ሰፈሮቹ ተጨምረው ቁጥሩን ያለሰልሱታል። በዚህ መንገድ ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም። የከተማውን ፖሊስ የወንጀል ካርታ ከፍተው ሊከራዩ ባሰቡት አድራሻ ዙሪያ ያለውን የአንድ ዓመት ይዩ፤ መኪና መስበርና የቤት ዘረፋ ከሌላው ለይተው ይቁጠሩ፣ ማታ ከሥራ የሚገባን ሰው በቅርብ የሚነካው እሱ ነውና።

በዚያው አጋጣሚ የፌዴራሉን የጎርፍ ካርታም በአድራሻው ይፈልጉ። የተለመደው የቤትም ሆነ የተከራይ ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም።

ደረጃ 12፦ ማኅበራዊ ኑሮ፣ ጥቅል ጥያቄ አይጠይቁ

«ሀበሻ አለ ወይ?» ብለው ከጠየቁ ሁሉም «ሞልቷል» ይልዎታል። ይልቅ እንዲህ ይጠይቁ፦ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ የራሱ ሕንፃ አለው ወይስ በኪራይ ነው? የአማርኛ የልጆች ትምህርት አለ? እንጀራ በየቀኑ ይመጣል ወይስ ቅዳሜ ብቻ? ሺፍት ሲጋጭ ልጅ የሚይዝ ሰው በስንት ይገኛል? ዕድሩ አዲስ አባል ይቀበላል፣ ከገቡ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሚሸፍነው? የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ አይደለም። የድሮ ዕድርዎ ስቴት ሲለቁ የሚያስወጣዎት ከሆነ፣ በሁለቱ መሐል ያለው ጊዜ ባዶ ነው፤ አስከሬን አገር ቤት መላክ ደግሞ ብዙ ሺህ ዶላር ነው።

ቢያንስ ሦስት ሰው ይጠይቁ፦ ቤት የገዛ፣ ተከራይ የሆነና ከዚያ ከተማ ወጥቶ የሄደ። ቤት የገዛው ያመሰግናል፤ ማመስገን አለበት፣ የ30 ዓመት ሞርጌጅ ፈርሟል። እውነቱን የሚነግርዎት የወጣው ነው።

በየዓመቱ አገር ቤት ለሚመላለሱ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚነሣው ከዋሽንግተን ዲሲ (ደለስ)፣ ከቺካጎ፣ ከኒውዮርክ አካባቢና ከአትላንታ ነው። ከመካከለኛ ከተማ ሲነሡ የማገናኛ በረራውን ዋጋ በቤተሰቡ ቁጥር ያባዙ።

ደረጃ 13፦ ሄደው ይዩ፣ በከፋው ወቅት

ሱ ፎልስን በጥር፣ ናሽቪልን በሐምሌ ይዩ። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያድርጉት፤ ቅዳሜ እሑድ ከሄዱ ዘመድ ይጋብዛል፣ ቡና ይፈላል፣ ከተማውን ሳያዩ ይመለሳሉ። በሺፍት ሰዓት ወደ ሥራ ቦታው ይንዱ። ሰፈሩን ማታ ይዩ። ወርሃዊ አስቤዛዎን የሚገዙበት ሱቅ ገብተው ዝርዝሩን ይዘው ዋጋ ይጻፉ።

ደረጃ 14፦ የሚተርፈውንና የሚመለስበትን ጊዜ ያስሉ

አሁን በሦስቱም ዓምድ መጨረሻ በወር የሚተርፈው ቁጥር አለ። ከዛሬው ወር ትርፍ ጋር ያለውን ልዩነት ይውሰዱ። ቀጥሎ የመዛወሪያውን ወጪ ሁሉ ይደምሩ፦ ትራክ፣ ነዳጅ፣ ዲፖዚት፣ የሊዝ ማቋረጫ ቅጣት፣ ያለ ሥራ የሚቆዩባቸው ሳምንታት፣ የፈቃድና የሰሌዳ ክፍያ። ወጪውን ለወርሃዊው ልዩነት ያካፍሉ። 7,200 ዶላር ወጥቶ በወር 450 የሚተርፍ ከሆነ በ16 ወር ይመለሳል። በእኔ ግምት ከ24 ወር በላይ የሚወስድ ከሆነ በገንዘብ ምክንያት አይዛወሩ፤ በዚያው ከተማ ርካሽ ዚፕ ኮድ መፈለግ ይቀላል።

የጭነት ትራክ ኪራይ እንደ አቅጣጫው ይለያያል፤ ሰው የሚበዛበት መንገድ ውድ ነው። ተነሥተው የሚሄዱበትን ቀን በሳምንት ወዲያና ወዲህ እያደረጉ ዋጋ ያስወጡ። ዕቃ አጓጓዥ ድርጅት ከቀጠሩ የፌዴራል የትራንስፖርት ቁጥሩን ያረጋግጡ። ግምቱ አስገዳጅ ያልሆነ ከሆነ ዕቃው ሲደርስ ከግምቱ 110 በመቶ በላይ ካልከፈላችሁ አላወርድም ማለት አይችልም። የማጓጓዣ ወጪ ከፌዴራል ታክስ ይቀነሳል የሚል ሰው አይጠፋም፤ ከ2018 ጀምሮ ከወታደሮች በስተቀር ለአብዛኛው ሰው ቀርቷል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሥራ ቅጥሩ በጽሑፍ፣ ከነመጀመሪያ ቀኑና ከነደመወዙ እጅዎ ሳይገባ ሊዝ አያቋርጡ። «መጥተህ ታየናለህ» ቅጥር አይደለም።

ደረጃ 15፦ ከደረሱ በኋላ የማይዘገዩ ወረቀቶች

ዜጋ ያልሆነ ሁሉ፣ ግሪን ካርድ ያለውም ጭምር፣ አድራሻውን በ10 ቀን ውስጥ ኤ.አር-11 በሚባለው ቅጽ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት፤ በኢንተርኔት በነፃ ይሞላል። ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ያለ ሰው ይህ ብቻ አይበቃውም፤ ለፍርድ ቤቱ በተለየ ቅጽ በ5 ቀን ውስጥ ያሳውቃል። ካላሳወቀ ቀጠሮው በድሮው አድራሻ ይላካል፣ ቀጠሮ የቀረ ሰው ላይ ደግሞ በሌለበት የማስወጣት ትእዛዝ ይሰጣል። ጠበቃ ካለ ከመዛወር በፊት ያማክሩት፤ ጉዳዩ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ዳኛውም ጊዜውም ይቀየራል። ለዜግነት ለማመልከት የተቃረቡ ደግሞ በአዲሱ ስቴት ሦስት ወር መኖር ስላለባቸው ወይ አመልክተው ይሂዱ ወይ ሦስቱን ወር ይጠብቁ።

መንጃ ፈቃድ በኦሃዮና በቴነሲ በ30 ቀን፣ በሳውዝ ዳኮታና በቴክሳስ በ90 ቀን ውስጥ ይቀየራል። የለቀቁትና የገቡበት ስቴት ሁለቱም የገቢ ታክስ ካላቸው የዓመቱን ታክስ ለየብቻ ስለሚሞሉ የተነሡበትን ቀን ይጻፉ፣ ሁለቱንም ደብልዩ-2 ይጠብቁ።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- የቤት ዋጋ ብቻ አይቶ መወሰን። ቤቱ በግማሽ ዋጋ ሆኖ ደመወዙም በዚያው ከወረደ የተገኘ ነገር የለም።
- የሚስትን ሥራ አለማስላት። ባልየው ሥራ አግኝቶ ሄዶ፣ እሷ የሙያ ፈቃዷ እስኪመጣ ወራት የምትቀመጥበት ቤት ብዙ ነው። ሁለቱም ደመወዝ ለየብቻ መስመር ይኑረው።
- የኦቨርታይም ገቢን እንደ ደመወዝ መቁጠር። አሁን ባሉበት በሳምንት 60 ሰዓት ሠርተው የሚያገኙትን ከአዲሱ ከተማ የ40 ሰዓት ክፍያ ጋር አያወዳድሩ፤ ሁለቱንም በ40 ያስሉ።
- ዴይኬርን መርሳት። አሁን ልጅ የሚይዙልዎ እናትዎ ወይም ጎረቤት ከሆኑ፣ እዚያ ሲደርሱ ወጪው ከዜሮ ወደ ሙሉ ዋጋ ይዘላል።
- በትምህርት ዓመቱ መሐል መዛወር። 11ኛ እና 12ኛ ክፍል ላይ የመመረቂያ ነጥቦች በየስቴቱ ስለሚለያዩ ልጁ አንድ ኮርስ ሊጎድለው ይችላል፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ውጤቱን አይቶ በጽሑፍ እስኪመልስ ድረስ ቀን አይቁረጡ።